ስለ ወገብና አንገት ሕመም፦ ከእድራችን አባላት የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ያለው እድራችን ባለፈው እሑድ ሲሰበሰብ፣ ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ መሆኑን የሚያውቁ አባላት ስለ ወገብና ስለ አንገት ሕመም ያነሡት ጥያቄ ስብሰባውን ሊውጠው ደርሶ ነበር። ስለዚህ በወረቀት የተሰጡኝንና ደረጃ ላይ አስቁመው የጠየቁኝን አንድ ላይ አድርጌ መልሱን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። የጠያቂዎችን ስም አልጠቀስኩም።

ጥያቄ፦ ወገቤን ከነጎኔ ከያዘኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጉልት አብረውኝ የሚውሉት ሁሉ «ኩላሊትሽ ነው» ይሉኛል። እውነት ይሆን?

እናቴ፣ በአገራችን ወገቡን የታመመ ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ኩላሊቱን ነው፤ ሆኖም የሚበዛው የወገብ ሕመም ከኩላሊት ጋር ግንኙነት የለውም። የኩላሊት ሕመም ከጎድን አጥንት በታች፣ ከአከርካሪው ፈንጠር ብሎ በጎን በኩል የሚሰማ ሲሆን፣ ጎንበስ ቀና ማለት ብዙም አያባብሰውም፣ አያስታግሠውምም፤ ብዙ ጊዜም ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት አብሮት ይመጣል። ጠጠር ከሆነ ደግሞ እየመጣ እየሄደ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ሰውን መቀመጫ የሚያሳጣ ሕመም ነው። የእርስዎ ግን እንደ ነገሩኝ ከመደብዎ ሲነሡ የሚብስ፣ ጥቂት ሲራመዱ የሚለቅ ነው፤ ይህ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጠባይ ነው። ጥርጣሬው እንቅልፍ ከነሳዎት የሽንት ምርመራ በጤና ጣቢያ በቀላሉ ይደረጋል። እስከዚያው ዱካዎን ከፍ ባለ ወንበር ይለውጡ፤ ገዢ ባይመጣም በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሡ ወዲያ ወዲህ ይበሉ።

ጥያቄ፦ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከታች ተሸክሜ እወጣለሁ። ወገቤ አንድ ቀን ተሰብሮ ይቀር ይሆን?

አይሰበርም። አከርካሪ ሸክም እንዲችል የተሠራ ነው፤ በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ 5 አጥንቶች ተደራርበው፣ በመካከላቸው ዲስክ የሚባለው ጠንካራ ትራስ ገብቶ፣ በጅማትና በጡንቻ ተጠፍረዋል። ሸክምን የለመደ ወገብ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የሚጎዳው ያልለመደውን ክብደት በድንገት፣ ደክሞትና ያለ ዕረፍት ሲሸከም ነው። (ይህን ስል ከእንጦጦ ባህር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች አይጎዱም ማለቴ አይደለም፤ በየቀኑ ከአቅም በላይ መሸከም የለመደንም ያደቃል።)

ሃያ ሊትር ውሃ ጀሪካኑን ሳይጨምር 20 ኪሎ ነው። ይህን በአንድ እጅ አንጠልጥለው ሲወጡ ሰውነትዎ ወደ አንድ ጎን እየተጎተተ፣ የሌላኛው ጎን ጡንቻ ብቻውን ይጨናነቃል፤ ስለዚህ ባለ 10 ሊትር ሁለት ጀሪካን ገዝተው በሁለት እጅ ቢይዙ ክብደቱ ሳይቀንስ ሸክሙ ይቀልልዎታል። ከመሬት ሲያነሡ ጀሪካኑን ወደ እግርዎ አስጠግተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው ይነሡ፤ ዕቃው ከሰውነት በራቀ ቁጥር ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ብዙ እጥፍ ይጨምራልና። በየፎቁ አረፍ ማለት አያሳፍርም፤ እኔም ሦስተኛው ላይ አርፋለሁ።

ጥያቄ፦ ወገቤን ቀጥ አድርጎ ሲይዘኝ ፍራሽ ላይ ሳይሆን ጣውላ ላይ አንድ ሳምንት ተኛ ተባልኩ። ትክክል ነው?

ሁለቱም ምክር የቆየ ነው፣ ሁለቱም አይጠቅምም። በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፊንላንድ ሄልሲንኪ በከተማው ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ወገባቸውን ድንገት ከታመሙት መካከል ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዕለት ሥራቸውን የቀጠሉት፣ ሁለት ቀን አልጋ ላይ እንዲተኙ ከታዘዙት ቀድመው ድነዋል። ስለዚህ መነሣት እስኪያቅት ከከበደ ለጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ ለአንድ ቀን ጋደም ማለት ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ ግን ጡንቻው ይላላል፣ ፍርሃቱም ይበረታል። ስለ ጣውላውም፣ በ2003 በስፔን 313 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው ይልቅ ለቆየ የወገብ ሕመም እንደሚሻል አሳይቷል። መሐሉ የሰመጠ የስፖንጅ ፍራሽ ካለዎት መለወጡ ተገቢ ነው፤ ጣውላውን ግን ለመደርደሪያ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ ተነሥቼ «ዲስክህ ተንሸራቷል» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ልጄን እንኳ ማቀፍ ፈራሁ።

ወንድሜ፣ ከሕመሙ ይልቅ ቃሉ የጎዳዎት ይመስለኛል። ዲስክ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር የተጣበቀ በመሆኑ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም፤ የሚሆነው ጠርዙ ማበጥ ወይም ውስጡ ያለው ልስልስ ነገር በስንጥቅ መውጣት ነው፤ የወጣውንም ሰውነት ብዙ ጊዜ ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች መካከል 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 96 በመቶው የዲስክ ማርጀት በምስል እንደሚታይባቸው አስረድቷል። ይህ እንደ ሽበት ነው። ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ እስከ ባትና ውስጥ እግር እየወረደ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው፤ እርሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በ6 እስከ 12 ሳምንት ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል። ልጅዎን አስጠግተው ይቀፉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሚያስፈራው የትኛው ነው?

ጥቂት ቢሆንም ሊዘገይ የማይገባው አለ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳያውቁት ካመለጠ፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ ያለው ገላ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ ሰዓታት ዋጋ አላቸውና በዚያው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፣ ከዚህ በፊት ካንሰር በነበረበት ሰው ላይ የጀመረ ሕመም፣ በእንቅልፍ ልብ እንኳ የማይተው ሕመም እንዲሁ ሐኪም ያሻዋል።

በእኛ አገር ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊዘነጋ አይገባም። ሳል ሳይኖር ሊከሰት ይችላል፤ ለወራት ቀስ እያለ የሚብስ የጀርባ ሕመም፣ ምሽት ምሽት ትኩሳት፣ ሌሊት ማላብና መክሳት ይታዩበታል፤ ሲቆይ ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርንም ሊያሽመደምድ ይችላል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። አንድ ታካሚዬ ስድስት ወር ሙሉ «ብርድ ነው» እየተባለ ሲታሽ ቆይቶ ወደ እኔ የመጣው ጀርባው ከጎበጠ በኋላ ነበር፤ ለዚህ ነው በዚህ ጥያቄ ላይ ረዘም ያልኩት።

ጥያቄ፦ ከአባዶ መገናኛ ሚኒባስ እነዳለሁ። ማታ ማታ ማጅራቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። መስኮት ስለምከፍት ብርድ መትቶኝ ነው?

ብርድ ጡንቻን ሊያኮማትር ይችላል፤ ዋናው ጥፋት ግን የነፋሱ አይደለም። ጭንቅላት 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እርስዎ ቀኑን ሙሉ ወደ መሪው አንገትዎን አስግገው፣ ትከሻዎን ሰቅለው ሲውሉ የማጅራት ጡንቻ ለአፍታም ሳያርፍ ይህን ይሸከማል። ወረፋ ጠብቀው በቆሙ ጊዜም ስልክ ላይ አቀርቅረው ዕረፍቱን ይነፍጉታል። መቀመጫውን ወደ መሪው ያስጠጉ፣ መደገፊያውን ያቁሙ። ረዳትዎ ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ወርደው፣ አገጭዎን ወደ ኋላ ሳብ፣ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ አከርካሪ ጠበቅ አድርገው አምስት ሰከንድ እየያዙ አሥር ጊዜ ይሥሩ። ማታ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ማድረግም ያፍታታል። ክንድዎ ከደነዘዘ ወይም እጅዎ ዕቃ መጨበጥ ካቃተው ግን ይታዩ።

ጥያቄ፦ ወጌሻ አንገቴን ጠምዝዞ ቢያስተካክልልኝስ?

የወጌሻን ሙያ አላቃልልም፤ ቅባት ቀብቶ ለስለስ ያለ እሽታ ሕመምን ለጊዜው ያስታግሣል። አንገትን በድንገት መጠምዘዝና ማንቋቋት ግን ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ይህ የሚደርሰው ከስንት አንድ ጊዜ ቢሆንም፣ የሚያስከትለው ስትሮክ ነውና እኔ ለራሴ አንገት አልፈቅድም።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ሄጄ የዲክሎፌናክ መርፌ ስወጋ ለሁለት ቀን ይለቀኛል።

ለሁለት ቀን መልቀቁ ነው የሚያታልለው። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ምክር ይጠቅማል፤ በተደጋጋሚ ከተወሰደ ጨጓራን ያደማል፣ ግፊትን ያባብሳል፣ በመጨረሻም ያ ሁሉ ሰው በከንቱ ሲጠረጥረው የነበረውን ኩላሊት በእውነት ይጎዳል። መርፌውም ከእንክብሉ ይሻላል የሚያሰኘው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በኦፕሬሽን ስወልድ ጀርባዬን ተወግቼ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያመኝ በዚያ ምክንያት ነው?

መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊቆጠቁጥ ይችላል፤ ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ግን እንደማያስከትል ጥናቶች አሳይተዋል። በእርግዝና የላላው የሆድና የወገብ ጡንቻ፣ ጎንበስ ብሎ ማጥባት፣ ማዘልና ማጠብ ናቸው የሚያደክሙሽ። እኅቴ፣ ልብስ ስታጥቢ ሳፋውን ከመሬት አንሥተሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፤ ጡት ስታጠቢ ወደ ልጁ ከማጎንበስ ይልቅ ልጁን በትራስ ወደ አንቺ አስጠጊው፤ ለሆድ ጡንቻ የሚሆነውን እንቅስቃሴ ቤት መጥቼ አሳይሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዳንኩ ስል ይመለስብኛል። እንዳይመለስ ምን ላድርግ?

ይራመዱ። ቀላል ስለሆነ አይናቁት። በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይፋ በሆነ የአውስትራሊያ ጥናት 701 ከወገብ ሕመም ያገገሙ ሰዎች ተከታትለው ሲታዩ፣ የእግር ጉዞ መርሐ ግብር የተሰጣቸው ሕመሙ ሳይመለስባቸው በአማካይ 208 ቀን ሲቆዩ፣ ያልተሰጣቸው የቆዩት 112 ቀን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምረው በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ደቂቃ ይድረሱ። እኔ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከሕንጻችን በር ተነሥቼ ወደ ጣፎ አቅጣጫ እራመዳለሁ፤ ቀስ ብዬ ነውና የምሄደው፣ መከተል አይከብድም።