ብርሃን በሥጋ ውስጥ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አምስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ብርሃን በሰውነት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝና የጨረሩን ቅርጽ መለወጥ ምን እንደሚጠቅም። ስለዚህ አንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ።

የስልኬን መብራት በጣቴ ሥር ሳበራ ቀይ ብርሃን ያልፋል። ታዲያ አጥንቱ ለምን አይታየኝም?

ብርሃን ማለፉና ምስል ይዞ መውጣቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን አጥብቆ ሲውጥ ቀዩን ግን በአብዛኛው ይለቀዋል። ያለፈው ብርሃን በበኩሉ የሕዋስ ሽፋንን፣ ኒውክሊየስን፣ ሚቶኮንድሪያንና የኮላጅን ጭረቶችን ባገኘ ቁጥር አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ይህም በአማካይ በየ0.1 ሚሊሜትሩ ገደማ ይደርስበታል። እያንዳንዱ መታጠፍ አነስተኛ ቢሆንም፣ 1 ሚሊሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ የሚጠቁም አቅጣጫ አይቀረውም። የአጥንቱ ጥላም በዚህ ድብልቅልቅ ውስጥ ይጠፋል።

«ራሱን የሚጠግን ጨረር» አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ስሙ ግን ከሥራው ይበልጣል። የሚባለው የቤሰል ጨረር ሲሆን፣ የፊዚክስ ተመራማሪው ዱርኒንና ባልደረቦቹ በ1987 በአሜሪካ በሙከራ አሳይተውታል። ሾጣጣ ሌንስ ብርሃኑን ከዙሪያው ሁሉ በእኩል ማዕዘን ወደ መሐል መስመር ያዘነብለዋል፤ ሞገዶቹ በሚገናኙበት ስፍራ ቀጭን፣ ረጅምና በቀለበቶች የተከበበ የብርሃን ዘንግ ይፈጠራል። አንድ ሕዋስ ዘንጉን ቢጋርደው፣ ከጎን የሚመጡት ሞገዶች አልተነኩምና ከግርዶሹ ኋላ ዳግመኛ ተገናኝተው ዘንጉን ይሠሩታል። በ2010 በጀርመን የፍራይቡርግ ተመራማሪዎች ይህን ጨረር ናሙናን በጎን በኩል በሚያበራ ማይክሮስኮፕ ላይ ተጠቅመው፣ ከተለመደው ጨረር ይልቅ ቅርጹን ጠብቆ ወደ ጥልቀት እንደሚዘልቅ አሳይተዋል።

ሆኖም ዋጋ ያስከፍላል። ቀለበቶቹ እያንዳንዳቸው ከመሐሉ ዘንግ ጋር የሚቀራረብ ኃይል ስለሚይዙ የማይፈለገውን አካባቢ ሁሉ ያበራሉ፤ ምስሉም ይደበዝዛል። አንዱ መፍትሔ ሁለት ፎቶን (የብርሃን ጥቃቅን እሽጎች) በአንድነት ሲዋጡ ብቻ የሚያበራ ቀለም መጠቀም ነው፤ በዚህ ጊዜ ምልክቱ የብርሃኑን ጥንካሬ በካሬው ስለሚከተል ኃይላቸው በሰፊ ዙሪያ ስለተሰራጨ በየነጥቡ ደካማ የሆኑት ቀለበቶች እምብዛም አይታዩም። ከሁሉ በላይ ግን ጨረሩ የሚጠገነው ጥቂት እንቅፋቶች ሲገጥሙት ነው። ሞገዶቹ ራሳቸው ደጋግመው ከተበተኑ የቤሰል ጨረርም እንደ ማንኛውም ጨረር ይፈርሳል።

አንዴ የተበተነ ብርሃን ተመልሶ ሊሰበሰብ ይችላል?

ይችላል፤ በእኔ ግምት የዚህ ዘርፍ እጅግ አስደናቂው ግኝት ይህ ነው። በ2007 በኔዘርላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቬለኮፕና ሞስክ፣ ሌዘርን በነጭ ቀለም ንብርብር ውስጥ አሳልፈው ከበስተጀርባው አንድ ነጥብ ላይ ማጠራቀም ቻሉ። ወደ ንብርብሩ የሚገባውን ጨረር በፈሳሽ ክሪስታል ሰሌዳ ወደ ብዙ ክፍሎች ከፋፈሉ፤ ከዚያም ከየክፍሉ የሚወጣው ሞገድ እስከ ነጥቡ ድረስ ከሌሎቹ ጋር ተመሳስሎ እንዲደርስ አንድ በአንድ አስተካከሉ። ነጥቡም ከቀድሞው እስከ 1,000 ጊዜ ደመቀ። ይህ የሆነው ቁሱ እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ ብርሃኑ የሚበተንበት መንገድ ስለማይለወጥ ነው፤ መንገዱ ውስብስብ ይሁን እንጂ ሊለካ ይችላል።

ሕያው አካል ግን አይቆምም። ደም ይፈስሳል፣ ሳንባ ይነፋል፤ በሚሊሰከንዶች ውስጥ የተለካው ሁሉ ዋጋ ያጣል። የተለመደው የክሪስታል ሰሌዳ በሰከንድ ጥቂት አሥር ጊዜ ብቻ ስለሚቀየር፣ በሰከንድ ሺህ ጊዜዎች የሚገለባበጡ ጥቃቅን መስተዋቶች ተመራጭ እየሆኑ ነው። ሌላም ችግር አለ፤ በሥጋ ውስጥ የነጥቡን ድምቀት የሚለካ መሣሪያ ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ የሚያበራ ቅንጣት ወይም በአልትራሳውንድ ምልክት የተደረገበት ብርሃን እንደ መሪ ያገለግላል።

የሞገዱን ርዝመት መጨመር አይቀልም?

ይረዳል፤ ከ650 እስከ 900 ናኖሜትር ገደማ ደምም ውሃም ብዙ አይውጡም። ከዚያ በላይ ውሃ መዋጥ ይጀምራል፤ ይሁንና በ1,300 ናኖሜትር አካባቢ ሌላ ምቹ ክፍተት ይገኛል።

ይህ ዘዴ ራጅን ይተካል?

አይተካም። የራጅ ጨረር በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ ጥላ ይሠራል፤ በሁለት ፎቶን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ግን በአይጥ አንጎል ውስጥ ጥርት ያለ ምስል የሚያገኘው እስከ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ምስል ካልተፈለገ ብርሃን ሴንቲሜትሮች ዘልቆ ይሄዳል፤ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም የሚሠራው ምንም ምስል ሳያነሣ፣ ያለፈውን የብርሃን መጠን ብቻ እየለካ ነው።