ስሜን ልቀይር ወይስ ልታገስ?

ለተከበሩ አምደኛ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው፤ ክራር እደረድራለሁ፣ እዘፍናለሁም። ከደቡብ ጎንደር ገጠር ተነሥቼ ባሕር ዳር ከገባሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ማናጀርም ሆነ አሳታሚ የለኝም፤ እስካሁን የለቀቅኋቸውን 4 ነጠላ ዜማዎች የሠራሁት በሠርግና በባህል ምሽት ቤት ተጫውቼ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ነው። እንደ ልጅዎ ቆጥረው እንዲመክሩኝ እለምንዎታለሁ።

ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ላይ ስጫወት፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ለቀደመኝ ዘፋኝ ብሎ የኪቦርዱን ቅኝት በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎት ኖሮ ሳይመልሰው ጀመረ። እኔ በክራሬ ቅኝት ስገባ እሱ በሌላ ድምፅ ሄደ። ከፊቴ ሞኒተር (የምንጫወተውን ለራሴ የሚያሰማኝ ድምፅ ማጉያ) ስላልነበረ ሁለት ስንኝ እስክጨርስ ድረስ መለያየታችንን አልሰማሁትም። ከእንግዶቹ አንዱ ይህንኑ 38 ሰከንድ ቀርጾ «ድፍረት ብቻ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ቲክቶክ ላይ ለጠፈው፤ በሁለት ቀን ውስጥ የማውቀው ሰው ሁሉ አየው።

የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከሥሩ አንድ ሰው «ይችን ለወፍ ማባረሪያ ማሳ ላይ አቁሟት» ብሎ ጻፈ። ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ደክሜ ስገባ አነበብኩትና «ከሞፈርና ከቀንበር ሌላ ሰምቶ የማያውቅ ጆሮ ስለ ዜማ ባያወራ ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩለት። ጠዋት ላይ አጠፋሁት፤ ነገር ግን ስክሪንሾቱ የሰውየውን ስድብ ትቶ የእኔን መልስ ብቻ ይዞ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ተሰራጨ። «ገበሬ የምትንቅ ዘፋኝ» ተባልኩ። አባቴ እርፍ ጨብጦ ያሳደገኝ ገበሬ ነው። ቤታችን አካባቢ ኔትዎርክ ስለሌለ በስልክ የማገኘው ቅዳሜ ለገበያ ሲወጣ ብቻ ነው፤ እስካሁን ነገሩን የሰማ አይመስለኝም።

ለፋሲካ ወደ አውሮፓ ሊወስደኝ የተነጋገርነው የዝግጅት አዘጋጅ «ነገሩ እስኪበርድ እንቆይ» ብሎ ጽፎልኛል። በዚህ ላይ የእኔና የአባቴ ስም ከአንዲት ዘማሪ ስም ጋር አንድ በመሆኑ ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ ማድመጫ ላይ 2 መዝሙሮቿ በእኔ ገጽ ሥር ገብተዋል፤ በመዝሙር እንደምነግድ ቆጥረው የሚሰድቡኝም አሉ። ደግሞ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ሁለተኛውን ዜማዬን የአባቴን ስም አሳስቶ ጭኖታል፤ ከእኔው ቻናል ይልቅ እሱ ጋ ብዙ ሰው ሰምቶታል።

ብዙ ተከታይ ያለው የአንድ ገጽ ባለቤት 40,000 ብር ብከፍለው መጥፎውን ሁሉ እንደሚያስጠፋልኝና 100,000 ዕይታ እንደሚጨምርልኝ ነግሮኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ሁሉንም አጥፍቼ በአዲስ ስም እንድጀምር ይመክሩኛል። ምን ላድርግ?

ክራር ደርዳሪዋ፣ ከባሕር ዳር

የአምደኛው መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ አዘንኩልሽ፤ በሁለተኛው ግን የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ገመድ አስረሽ «ስሜ ጠፋ» እያልሽ እንደምትጨነቂ ታየኝ። ሠርጉ ላይ የደረሰብሽ አደጋ ነው። መዝሙሮቹ ከገጽሽ መቀላቀላቸው የአሠራር ስህተት ነው። ሌሊት የጻፍሽው መልስ ግን ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የአንቺ ነው። ስም መቀየር ከእነዚህ አንዱንም አያቃናም። ፊትሽም፣ ድምፅሽም፣ የክራር አመታትሽም ያው ስለሆነ በአንድ ወር ውስጥ ያውቁሻል፤ ያን ጊዜ በመጀመሪያው ክስ ላይ «ስሟን ቀይራ ተደበቀች» የሚል ሁለተኛ ክስ ይጨመርብሻል። አራቱን ዜማዎችሽን ወደው ስምሽን የያዙ አድማጮችም ሲፈልጉሽ ያጡሻል።

ከጥፋቱ እንጀምር፤ የሚከብደውም የሚቀድመውም እሱ ነው። ሰውየው እንደሰደበሽ አውቃለሁ፤ ስድቡም ጸያፍ ነው። ይሁን እንጂ ቃልሽ የወደቀው በእሱ ላይ ሳይሆን በሞፈርና በቀንበር ላይ ነው፤ ስለዚህ የተቀየመው አንድ ሰው ሳይሆን አባቱ ገበሬ የሆነ ሁሉ ነው። በካሜራ ፊት፣ ያለ ሙዚቃ ጀርባ፣ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይቅርታ ጠይቂ። የሰውየውን ስድብ አታንሺ፤ ስክሪንሾቱ ተቆርጦ መሰራጨቱንም አታንሺ፤ «ካስቀየምኩ» አትበዪ፣ አስቀይመሻልና። «ይህን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ ገበሬ ነው፤ እሱንና እንደ እሱ ያሉትን አዋርጃለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» ማለት ይበቃል። ንግግሩን ስክሪንሾቱ በዞረባቸው በፌስቡክና በቴሌግራም፣ ነገሩ በተጀመረበት በቲክቶክም ለጥፊውና ከገጽሽ አናት ላይ ፒን አድርጊው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ለማንም፣ ለደጋፊሽም ቢሆን መልስ አትስጪ። ብዙ ሙዚቀኞች በይቅርታቸው ሳይሆን ከይቅርታው ቀጥሎ ከሥሩ በጻፉት ሃያ መልስ ሲበላሹ አይቻለሁ።

የ38 ሰከንዱን ቅጂ በተመለከተ፣ ልታስጠፊው እንደምትችይ የሚነግርሽ ሰው አይጠፋም። በእርግጥም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም፣ ማለት ለሚዘፍነውና ለሚጫወተውም፣ በክዋኔው መቀረጽ ላይ መብት ይሰጣል። ይሁንና ይህን መብት እዚህ ላይ እንድትጠቀሚበት አልመክርሽም። አንዱ ሲወርድ አሥር ቦታ ይጫናል፤ «አስወረደችው» የሚለው ወሬም ቅጂውን ላላየው ሁሉ ያደርሰዋል። በዩቲዩብ የተጫነ ቢሆን እንኳ የቅጂ መብት ማመልከቻው የተናገርሽው እውነት ለመሆኑ በሕግ ተጠያቂ ሆነሽ የምትፈርሚበት ስለሆነ፣ የማያሳምር ቀረጻ ለማስወገድ ሲባል የሚነካ ቅጽ አይደለም።

ይልቅ የዚያኑ ሠርግ ዘፈን እንደገና ተጫወቺው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጪ፤ ክራርሽን ስትቃኚ ካሜራው ይቅረጽ፤ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ፣ ድምፁም ሳይስተካከል በአንድ ትንፋሽ ይሂድ። ስለ ኪቦርዱና ስለ ሞኒተሩ አንዲት ቃል አትጻፊበት። ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ቅጂዎች ሲያስተያይ ጣቶችሽ በትክክል ሲሄዱ ድምፁ የት እንደተለያየ ራሱ ይሰማዋል፤ ሙዚቃ የማያውቀውም ደህና አድርገሽ ስትዘፍኚ ያይሻል። እንዲህ ያለ ሙሉ ቀረጻ በየሁለት ሳምንቱ አንድ እያደረግሽ ብትለቂ፣ ሰው ስምሽን ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚያገኘው ምን እንደሚሆን በሂደት አንቺ ትወስኛለሽ። ለሚቀጥለው ሠርግ ደግሞ ከመግባትሽ በፊት ከኪቦርዲስቱ ጋር አንድ ድምፅ ነክታችሁ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ስምሽ አጻጻፍ ልምጣ፤ ብዙዎች ችላ የሚሉት እሱን ነው። በ1980ዎቹ ካሴት ቤት እሠራ ነበር። በሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ስም ተሳስቶ ቢታተም፣ ደንበኛው ፎቶውን አይቶ ወይም «ያቺ እንዲህ የምትለው» ብሎ አንድ ስንኝ አዚሞልን ካሴቱን እናወጣለት ነበር። ኮምፒዩተር እንዲህ አያደርግም፤ የሚያውቀው ፊደሉን ነው። እኛ «ፀሐይ»ን «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ፀሃይ» እያልን ብንጽፍ ያው አንድ ስም ነው፤ ለፍለጋ ሥርዓት ግን ሁልጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ «ፀ»ን አንዱ በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል። በዚህ ላይ እኛ የቤተሰብ መጠሪያ ሳይሆን የአባት ስም ስለምንጠቀም፣ በስምም በአባት ስምም አንድ የሚሆኑ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንድ የአማርኛ፣ አንድ የላቲን አጻጻፍ ምረጪና በዩቲዩብ፣ በቲክቶክ፣ በቴሌግራም፣ በአከፋፋይሽ (ዜማሽን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ በሚልክልሽ ድርጅት) ቅጽና በፖስተር ላይ ሳይቀር ያንኑ ብቻ ጻፊ። በቴሌግራም የሚዞረው የዘፈን ፋይል ውስጥም ስምሽ፣ የዜማው ርዕስና የሽፋኑ ፎቶ አብረው መግባታቸውን አረጋግጪ፤ ፋይሉ ከቻናል ወደ ቻናል ሲሄድ ከተለጠፈበት ጽሑፍ ይለያል፣ በውስጡ የተጻፈው ግን አብሮት የመሄድ ዕድል አለው።

ከይቅርታው ቀጥሎ የምትጨርሺው ሥራ የመዝሙሮቹ ነገር ይሁን። ይህ ያንቺ ስም ብቻ ሳይሆን የዘማሪዋም ስም ነው፤ እሷም በበኩሏ መዝሙሯን የሚፈልግ ምእመን የዘፈን ገጽ ላይ ሲያርፍ ታፍራለች፣ ታዝናለችም። አድራሻዋን ፈልጊና በአክብሮት ጻፊላት፤ ስህተቱ የማንኛችሁም አለመሆኑን ንገሪያት። ከዚያ አንቺ በስፖቲፋይ የአርቲስት መግቢያ በኩል ሥራዎቹ የአንቺ አለመሆናቸውን አመልክቺ፤ እሷም በአከፋፋይዋ በኩል እንዲሁ ታድርግ። ዲስትሮኪድም ይሁን ሲዲ ቤቢ ወይም ቱንኮር፣ አከፋፋይሽ ዜማውን ሲልክ በየትኛው የአርቲስት ገጽ እንደሚገባ ማመልከት ስለሚቻል፣ ለሚቀጥለው ሥራ ገጽሽን ራስሽ ምረጪ። ከነገሩ መርገብ በኋላ የአያትሽን ስም መጨመር ብትፈልጊ አልቃወምም፤ ያ ከዘማሪዋ መለየት እንጂ መሸሽ አይሆንም። ዛሬ ግን አታድርጊው።

ዜማሽን የጫነው ቻናል ባለቤት ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያ የአባትሽን ስም እንዲያርምና የቻናልሽን አድራሻ ከሥሩ እንዲያስቀምጥ ጠይቂው፤ ብዙ ሰው የሰማሽ እዚያ ስለሆነ እርማቱ ራሱ ይጠቅምሻል። እምቢ ቢል አከፋፋይሽ በዩቲዩብ የኮንቴንት አይዲ አገልግሎት (የተመዘገበ ዜማ በሌላ ቻናል ሲጫን ለይቶ በሚያውቀው ሥርዓት) ዜማውን እንዲያስመዘግብልሽ ጠይቂ፤ ቀረጻው ሳይወርድ ገቢው ወደ አንቺ እንዲዞር ማድረግ ይቻላል። ማስወረድ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቻናል ሊዘጋ ይችላልና፣ ለስም ስህተት ሲባል የሰው ቻናል ያዘጋች መባል ለአንቺም አይበጅም። ከማስመዝገብሽ በፊት ግን አንድ ነገር አስተውዪ፦ ሙዚቃው ከሌላ ሰው የተገዛና ለሌሎችም የተሸጠ ቅንብር ከሆነ የእኔ ብቻ ነው ብለሽ ልታስመዘግቢው አትችዪም። የሕዝብ ዜማም ከሆነ የአንቺ የሆነው ቀረጻው እንጂ ዜማው አይደለም። በዚሁ አጋጣሚ በአራቱም ሥራዎችሽ ሥር የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤቶች ስም ጻፊ። የራስሽ ስም በመሳሳቱ እንዲህ ካዘንሽ፣ የእነሱ ሲዘለል ምን እንደሚሰማቸው ታውቂዋለሽ፤ ደራሲው በስሙ እንዲጠራ ሕጉም ያዛል።

ለገጹ ባለቤት አንድ ብር አትስጪው። ሌላ ሰው የለጠፈውን ማጥፋት በእሱ እጅ አይደለም፤ ዛሬ ለማጥፋት ገንዘብ የተቀበለ ሰው ደግሞ ነገ ላለመለጠፍ ይጠይቅሻል። የተገዛ ዕይታ ዩቲዩብ የሚከለክለው ነገር ነው፤ ሲደርስበትም ይቀንሰዋል። ስፖቲፋይም ከ2024 ወዲህ ሰው ሠራሽ መደመጥ በጎላባቸው ዜማዎች ላይ አከፋፋዮችን ያስከፍላል፤ አከፋፋይሽም ሥራሽን ሊያወርድብሽ ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን 100,000 ዕይታ ያለውና አሥር አስተያየት የሌለው ዘፈን ምን ማለት እንደሆነ የዝግጅት አዘጋጆች በአንድ እይታ ማወቃቸው ነው። በ40,000 ብሩ የድምፅ ባለሙያ ቀጥረሽ ያልኩሽን ቀረጻዎች ሥሪበት።

የአውሮፓው አዘጋጅ «እንቆይ» አለ እንጂ «ቀርቷል» አላለም። አትወትውቺው። ይቅርታውን ከጠየቅሽና ሁለት ቀረጻ ከለቀቅሽ በኋላ አጭር መልእክት ላኪለት፤ ሦስቱንም አያይዥለት፤ የሆነውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ሳትሸፋፍኚ ንገሪው። ከሀገር ውጭ ያለው ሕዝባችን ትኬት ከመግዛቱ በፊት ስምሽን እንደሚፈልግ እሱ ያውቃል፤ ከአንቺ የሚጠብቀውም ንጹሕ ታሪክ ሳይሆን ሲጠየቅ ሊመልስበት የሚችል ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አባትሽ አለ። ይቅርታሽን ሕዝብ ከመስማቱ በፊት እሱ ከአንደበትሽ ይስማው፤ የጻፍሽውን ቃል ሳታሳምሪ እንዳለ ንገሪው፤ በይቅርታው ላይ እሱን ልታነሺ እንደምትፈልጊም አስፈቅጂው። ላንሳህ ስትዪው ደስ ካላለው «አባቴ» የሚለውን አውጪና «የገበሬ ልጅ ነኝ» በዪ። ቅዳሜ ለገበያ ሲወጣ ስልኩ እንደሚሠራ ጽፈሽልኛል፤ እስከዚያ ድረስ ምንም ነገር አትለጥፊ።