ቅጠሉ ለበግ፣ ፍሬው ለፀሐይ፦ የባቱን ነጭ ወይን ለዛ ማን ወሰደው?

ጥያቄ፦ ከባቱ ወጣ ብሎ ሩብ ሄክታር ነጭ ወይን አለኝ፤ ሻርዶኔ ነው ብለው ነው የሰጡኝ። ዘንድሮ አራተኛ ዓመቱ ነው። ሲያፈራ ደስ ይላል፤ በኋላ ግን አንድ ጎኑ ቡናማ እየሆነ ይጨማደዳል፣ ጥፍጥናውም ቶሎ አይመጣም። የጎረቤቴ ተለቅሞ ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምለቅመው። ወይን ጠጅ የሚጠምቀው ደንበኛዬ «ለዛ የለውም» ብሎ በኅዳር በግማሽ ዋጋ ወሰደው። እርሻው ንጹሕ ነው፤ አረም የለበትም፣ ቅጠሉንም ለበጎቼ ስለማነሳለት ፀሐይ በደንብ ያገኘዋል። በሽታ ይሆን? ዩሪያ ብጨምርበትስ?

መልስ፦ ዩሪያውን ይተዉት። በሽታም አይመስለኝም። የነገሩ ቁልፍ እግረ መንገድዎን ጠቅሰው ያለፉት ነገር ላይ ነው፤ ቅጠሉ ለበጎቹ እየተነሳ ነው። ወይንዎ የተራቆተ ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስፈልግም። ፍሬው እንደገና ቡናማ መሆን ሲጀምር ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ መስመሩ ውስጥ ይግቡና በአውራ ጣትዎ ይሹት። አመድ የመሰለ ነገር ጣትዎ ላይ ከቀረ ሻጋታ ነው፤ የእሱ መድኃኒት ሌላ ነው። ምንም የማይነሳ፣ ቆዳው ላይ እንደ ጠባሳ የተጣበቀ፣ ፀሐይ የሚያየውን ጎን ብቻ የያዘ ከሆነ ግን ፀሐይ የለበለበው ነው። ዘለላውን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን ይዩ። ጀርባው ደህና ከሆነ ሌላ መፈለግ የለብዎትም።

ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅ የሚባለው ስኳሩ በጠመቃው ጊዜ ወደ አልኮል ተለውጦ ያለቀ ነው። ስኳሩ ሲያልቅ አፍ ላይ ሕይወት የሚሰጠው አሲዱ ነው፤ ደንበኛዎ «ለዛ» ያለውም እሱን ነው። በወይን ፍሬ ውስጥ ዋናዎቹ አሲዶች ሁለት ናቸው፤ ታርታሪክና ማሊክ። ታርታሪክን ሙቀት እምብዛም አይነካውም። ማሊክን ግን ፍሬው መለስለስ ከጀመረ በኋላ ራሱ ያቃጥለዋል፤ በሞቀ ቁጥር ቃጠሎው ይፈጥናል። ቀጥታ ፀሐይ ያረፈበት ፍሬ ደግሞ በዙሪያው ካለው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

ስለዚህ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ከስረዋል። ስኳር የሚሠራው ቅጠል ስለጎደለ ጥፍጥናው ዘገየ፤ እርስዎ ጥፍጥናውን ሲጠብቁ ደግሞ የቀረችው አሲድ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነደደች። ዩሪያ ይህን አይመልስም። ብዙ ቀንበጥ አውጥቶ መሐሉን ያፍነዋል፣ ያኔ እውነተኛው ሻጋታ ይመጣል።

«ፍሬው ፀሐይ ያግኘው» እያሉ ወይንን እንደ ተላጨ ራስ ማራቆት ከመቂ እስከ ባቱ በየማሳው የማየው ነገር ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ምክሩ በራሱ ውሸት አይደለም፤ ግን የቀዝቃዛ አገር ምክር ነው። ሻርዶኔ የሚታወቅበትን የፈረንሳዩን ሻብሊን ይውሰዱ። ቡርጎኝ በሚባለው የወይን ክልል ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከምድር ወገብ ወደ 48 ዲግሪ ገደማ ርቆ ይገኛል። አፈሩ ኦይስተር የሚባል የጥንት ባሕር እንስሳ ትንንሽ ዛጎሎች የታጨቁበት የኖራ ድንጋይና ሸክላ ነው፤ በፀደይ ውርጭ ለጋውን ቀንበጥ እንዳያቃጥለው ገበሬው ሌሊት በየመስመሩ እሳት እስከ ማንደድ ይደርሳል። ምርጥ የሚባሉት ማሳዎች ከሰረን ወንዝ በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባዘነበለ አንድ ተዳፋት ላይ የሰፈሩት የከሰዓቱን ፀሐይ ፍለጋ ነው። እዚያ አሲዱ ሞልቷል፤ የሚለመነው ሙቀት ነው።

ባቱ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ነጩን ወይን የሚያተርፈው ከ1,600 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታና በኅዳር ጋቢ የሚያስደርበው ሌሊት ነው፤ ቀን የነደደውን ሌሊቱ ያበርደዋል። የወይን ጠጅ ኩባንያው ካስቴል በዚሁ በዝዋይ አካባቢ ሻርዶኔ አልምቶ ሪፍት ቫሊ በሚል ስም ነጭ ወይን ጠጅ ማውጣቱ ዝርያው ቦታውን እንደማይጠላ ያሳያል። የእርስዎም ችግኝ አልተሳሳተም። ጃንጥላው ነው የተነሳበት።

አሁን የሚያደርጉት ይኸው ነው፤ ከእጅዎ በቀር ወጪ የለውም። ቅጠል ከአንድ ጎን ብቻ ይነሳል፣ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ።

መስመርዎ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ከሆነ የሚከፈተው ምሥራቁ ነው። የጠዋት ፀሐይ ጤዛውን ቶሎ ያደርቃል፣ ሻጋታን ይከላከላል፣ ፍሬውን ግን አያቃጥልም። ምዕራቡን አይንኩት። መስመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። በባቱ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ወደ ደቡብ። እንደ እርስዎ በኅዳር ለሚለቀም ፍሬ ደቡቡ ይሸፈን፣ ሰሜኑ ይከፈት።

ጊዜው ፍሬው የሽምብራ ያህል ሲሆን፣ ገና ጠጣር አረንጓዴ ሳለ ነው። ያኔ የተከፈተ ፍሬ ቆዳው ፀሐይን እየለመደ ያድጋል። ከለሰለሰ በኋላ ድንገት የተገለጠ ግን በአንድ ቀትር ይለበለባል፤ የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ቀንበጥ ሥር፣ ዘለላው አጠገብ ካሉት ውስጥ፣ በሚከፈተው ጎን ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ቅጠሎች ብቻ ይቀንጥሱ። አይጎትቱ፤ ቀንበጡ ተልጦ ይቆስላል። ቅጠሉን ከራሱ ቀጭን አገዳ ጋር በሚያያዝበት ቦታ በጥፍርዎ ይቁረጡት፣ አገዳው ቀንበጡ ላይ ይቅር፤ በራሱ ይረግፋል።

ቀንበጡ ላይ ከ12 እስከ 15 የደረሰ ቅጠል መቅረት አለበት። አሥር ተክል ላይ ቆጥረው ይጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ ዓይንዎ ይለምደዋል። ከዚህ ያነሰ ቅጠል ያለው ቀንበጥ ሁለት ዘለላ አያበስልም፤ አንዱን ገና ትንሽ ሳለ ይቁረጡለት። ሲጨርሱ ከተከፈተው ጎን ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ከዘለላው ግማሽ ያህሉ ሊታይዎት ይገባል። ከሌላው ጎን ደግሞ ጨርሶ አይታይም ማለት ይቻላል። በቀትር ፍሬው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ነጠብጣብ ከሆነ ልኩን አግኝተውታል።

አሁን የተራቆተውን በአንድ ቀን መመለስ አይቻልም፤ ግን ከቅጠሉ ብብት የሚወጡትን የጎን ቀንበጦች በሚሸፈነው ጎን አይንቀሏቸው። ረጃጅሞቹንም ከመቁረጥ በላይኛው ሽቦ ላይ አሳልፈው ወደዚያው ጎን ጣል ያድርጓቸው።

ለቀማውን በጥፍጥና ብቻ አይወስኑ፤ ለገበታ የሚሆን ወይንና ለጠጅ የሚሆን ወይን አንድ አይደሉም። ከመስመሩ ግራና ቀኝ፣ ከዘለላው ላይ፣ መሐልና ታች ቀላቅለው 100 ፍሬ ይልቀሙ፣ ጨምቀው የጭማቂውን ስኳር በሚለካው መሣሪያ፣ በሬፍራክቶሜትር ይለኩ። መሣሪያው ከሌለዎት ጠማቂው ዘንድ አይጠፋም። ስኳሩ ከ20 እስከ 22 ብሪክስ (የስኳር መለኪያው አሃድ) ሲደርስ፣ ጭማቂው ጣፍጦም ጥርስን ጠቅ የሚያደርግ ከሆነ፣ ያን ሳምንት ይልቀሙ። ጠማቂው የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያ ካለው ከ3.2 እስከ 3.4 ይፈልጉ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር አሲዱ ቀንሷል ማለት ነው። 3.6 ላይ ከደረሰ ዘግይተዋል። ለቀማው ሌሊት 11 ሰዓት ይጀመርና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይቁም። ጆንያ አይሆንም፤ ከታች ያለው ይፈርጥና በመንገድ ላይ መፍላት ይጀምራል። ጥልቀት የሌለው የፕላስቲክ ሳጥን ይጠቀሙ፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ።

ስለ በጎቹ አንድ ነገር ልንገርዎ። ወይኑን በመዳብ መድኃኒት፣ ለምሳሌ በኮፐር ኦክሲክሎራይድ ወይም በቦርዶ ውህድ ረጭተው ከሆነ ያን ቅጠል በምንም ዓይነት አይስጧቸው። በግ ከሌላው ከብት ሁሉ ይልቅ መዳብ አይችልም፤ ጉበቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ድንገት ይጥለዋል። ያልተረጨ ከሆነ ከሚከፈተው ጎን የቀነጠሱት ድርሻቸው ነው።

በሚቀጥለው ሲጽፉልኝ መስመሩ በየት በኩል እንደተዘረጋና በየትኛው ወር እንደገረዙት ይንገሩኝ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ ከምዕራብ በኩል የተነሳ አንድ ፎቶ ቢጨምሩበት ደግሞ የቀረውን እኔ አነበዋለሁ።