የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፍለጋው «ምንም አልተገኘም» ሲል

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ «ሕገ መንግሥት» የሚለው ቃል በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጻሕፍት እንዴት እንደተሠራበት ነው። ኢንተርኔት ላይ ባሉ ስካን የተደረጉ መጻሕፍት ስፈልግ የማገኘው በጣም ጥቂት ነው። ቃሉ ብዙም አልተለመደም ነበር ብዬ መጻፍ እችላለሁ? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይጻፉ። ፍለጋው የሚካሄደው በገጹ ምስል ላይ ሳይሆን ማሽኑ ከምስሉ አንብቦ ባስቀመጠው ጽሑፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ያንን ጽሑፍ ይመልከቱ። ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ነጻ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ላይ ከማውረጃ አማራጮቹ መካከል ሙሉ ጽሑፉን ለብቻው የሚከፍት አለ። አንዳንዱ የአማርኛ መጽሐፍ በላቲን ፊደል ተነቦ ትርጉም የለሽ የሆሄ ክምር ሆኗል፤ እዚያ ውስጥ ምንም የአማርኛ ቃል አይገኝም።

በትክክለኛው ፊደል የተነበበውም ይሳሳታል። ሰ ከሸ፣ ተ ከቸ፣ ነ ከኘ የሚለዩት ከላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው። ስካኑ ከ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) በታች ከሆነ ወይም ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ከፈሰሰ ጭረቷ ልትጠፋ ትችላለች።

ከዚያ የአጻጻፉ ጉዳይ ይመጣል። ሕገ፣ ህገ፣ ኅገ ብለው ሦስት፤ መንግሥትና መንግስት ብለው ሁለት፤ በድምሩ 6 ናቸው። በድሮ ኅትመት በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) ስለሚገባ፣ ማሽኑም አንዳንዴ ሁለቱን ቃላት ስለሚያጣብቅ፣ በክፍተት፣ በሁለት ነጥብና ተያይዞ ሲፈለግ 18 ይደርሳል። አማርኛን በወጉ የማያውቅ የፍለጋ ሥርዓት እነዚህን ሁሉ የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው። በዚህ ላይ «መንግሥት» ብለው ሲፈልጉ «መንግሥቱ» አይመጣም፤ ት ወደ ቱ ሲለወጥ ፊደሉ ራሱ ሌላ ሆኗልና። የቀረውን የቃሉን ክፍል የሚተካ ኮከብ ምልክት (*) በሚቀበል ቦታ የመጨረሻውን ፊደል ቆርጠው «መንግሥ*» ብለው ይፈልጉ። «በ»፣ «የ»፣ «ለ» ከፊት ሲገቡ ግን ኮከቡ ብዙውን ጊዜ ከፊት ስለማይሠራ እያንዳንዱን ለብቻው መጻፍ ግድ ነው።

ይህን ከጨረሱ በኋላ ማሽኑን ይፈትኑት። ቃሉ ይኖርባቸዋል ብለው ከሚገምቷቸው ምዕራፎች 30 ገጽ ያህል በዓይንዎ ያንብቡና ቃሉን ይቁጠሩ። እርስዎ 20 ቦታ አግኝተው ፍለጋው 12 ብቻ ካሳየ፣ በዚያ መጽሐፍ ከ10 አራቱ ያመልጡታል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ጥናትዎ ውስጥ ይጻፉት፤ ፈታኞችዎ ቢጠይቁዎት መልስ የሚሆንዎት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በዲጂታል ካታሎግ ላይ የተጻፈውን የኅትመት ዓመት ማመን ይቻላል?

መልስ፦ የርዕስ ገጹን ሳያዩ አይቻልም። የቋንቋ ሊቁ ጄፍሪ ነንበርግ በ2009 እ.ኤ.አ. ጎግል ቡክስን (የጎግልን የተቃኙ መጻሕፍት ስብስብ) ሲመረምር፣ ከ1899 በኋላ የታተሙ ብዙ መጻሕፍት በ1899 እንደታተሙ ተመዝግበው አግኝቷል። በእኛ መጻሕፍት ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ይጨመራል። የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የወጣው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ 1931 መሆኑ ነው። ካታሎጉ «1923» ብቻ ብሎ ካለፈ፣ ለውጭ አንባቢ 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለታተመው ልዩነቱ 7 ነው።

ጥያቄ፦ የብራና መጻሕፍትን ከምስል ብቻ ማጥናት ይበቃል?

መልስ፦ ለንባቡ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም (በትንሹ በፊልም ላይ የተነሣ የገጽ ፎቶ) ግን ጥቁርና ነጭ ነው። የቅዱሳን ስሞችና የመክፈቻ መስመሮች የሚጻፉበት ቀይ ቀለም እዚያ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ሆኖ ስለሚታይ፣ ስለ ቀለም አጠቃቀም ከዚያ ተነሥተው አይደምድሙ። ሲጠቅሱም የብራናውን መለያ ቁጥርና ቅጠሉን (የብራናውን ገጽ ቁጥር) ይጻፉ፤ የድረ ገጹ አድራሻ ብቻውን አይበቃም። የብሪቲሽ ላይብረሪ ሥርዓት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በሳይበር ጥቃት ሲመታ፣ ዲጂታል ብራናዎቹን ለረጅም ጊዜ በነበሩበት አድራሻ ማግኘት አልተቻለም ነበር።