አየር ባየር ያገኘኸው ሺህ ዶላር

ሰላም ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን በአጭሩ ላስቀምጠው። የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዕድሜህ 21 ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ትማራለህ። አርቲኤክስ 5090 የሚባለውን የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (ለጌምና ለምስል ሥራ የሚያገለግል የኮምፒውተር ክፍል) እያንዳንዱን በ1,999 ዶላር ሦስት ገዛህ። መደብሩ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ አይሸጥም። ስለዚህ አንዱን በራስህ፣ አንዱን በእናትህ፣ አንዱን በአክስትህ ስም ወሰድክ። ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በ3,200 ዶላር ሸጥክ። ሦስተኛው አልጋህ ሥር አለ። አሁን ደግሞ እናትህ ዕቁብ ደርሷታል፣ 12,000 ዶላር። "ውሰድና ሥራበት" ብላሃለች። አንተም ኦንላይን ከሰው ቀድሞ የሚገዛ ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ መጻፍ ጀምረሃል።

ሦስት ነገር ጠይቀኸኛል። ነውር ነው ወይ? ሬዙሜዬ ላይ "የራሴ ቢዝነስ" ብዬ ልጻፈው ወይ? ትምህርቱን አንድ ሴሚስተር ባቆመውስ?

የመጨረሻውን አሁኑኑ ልመልስልህ፦ አታቁም። የቀሩት ሁለቱ ጊዜ ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ደብዳቤህ ውስጥ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርህ። ሁለተኛው ገዢ ከባልቲሞር የመጣ ልጅ ነበር ብለሃል። ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ምስል የሚሠራ፣ ገና ጀማሪ። መኪናህ ውስጥ ተቀምጦ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ "ቢበላሽ ዋስትናው ለእኔ ይሠራል?" አለህ። አንተም "አልተከፈተም እኮ፣ እሽግ ነው" አልከው። ይህን እኔ አልጠየቅኩህም። ስለ ትርፉ ለማውራት አስፈላጊም አልነበረም። ግን ጻፍከው። እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄህ የተወለደው እዚያ መኪና ውስጥ ነው። ልጁ የጠየቀህ ስለ ዋስትና ነበር፤ አንተ የመለስክለት ስለ ካርቶኑ ነው።

እኛ ሀገር ለዚህ ሥራ ስም አለው፤ አየር ባየር ይባላል። ዕቃው መሬት ሳይነካ፣ ሳይጫን፣ ሳይወርድ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ብቻ ዋጋው ይጨምራል። ልጅ ሆኜ ይህን ያየሁት መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ ነው። ገና ሊደርስ ሰሞን ነበር። እናቴ ወደ ደሴ ልትሄድ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ተሰለፈች። እኔ ዘንቢሉን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ትኬት አልቋል ተባልን። ዞር ስንል አንድ ጎረምሳ ትኬቱን እንደ ካርታ ዘርግቶ ይዟል፤ ዋጋው እጥፍ ነው። እናቴ ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለች። ምንም አላለችም። ግን ደሴ እስክንደርስ ድረስ ለአያቴ ቡና ልትገዛበት የነበረው ብር እንደሆነ አውቅ ነበር። ያ ልጅ አውቶቡሱን አልነዳም። ወንበርም አልጨመረም። ያደረገው ነገር ቢኖር እናቴና መስኮቱ መሀል መግባት ነው።

ነጋዴን የምጠላ እንዳይመስልህ። ከጎጃም ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያወርድ ሰው ያተርፋል፣ ማትረፍም አለበት። መኪና ይከራያል። ዝናብ ሊመታው፣ ዋጋ ሊወርድበት ይችላል። ለባለ ሱቁ በዱቤ ይሰጣል። ጤፉ በሌለበት ቦታ ጤፍ እንዲኖር ያደርጋል። ያንተ ካርድ ግን የተሸጠው እዚያው ከተማ ላለ ሰው ነው። ምናልባትም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ስትሰለፍ ከኋላህ ለቆመ ሰው። አንተ ባትኖር ኖሮ ካርዱን ከመደብሩ ያገኘው ነበር፣ በ1,999 ዶላር፣ በራሱ ስም ከተቆረጠ ደረሰኝ ጋር።

የኢኮኖሚክስ መምህርህ ያሉትን ጽፈህልኛል። "ዋጋው ከገበያው በታች ስለተተመነ ነው፤ ሻጩ አንተ ባትሆን ሌላ ይሆናል" ብለዋል። የመጀመሪያው አባባላቸው እውነት ነው። ዕቃው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ፣ ዋጋው የተቆረጠ ከሆነ ሰልፍ ይፈጠራል። አምራቹ የቺፕ የማምረት አቅሙን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሲያውል ለተራው ገዢ የሚተርፈው ያንሳል። ያ ያንተ ጥፋት አይደለም። ግን ልብ በል፤ የተጨመረው 1,200 ዶላር ለአምራቹ አልደረሰም። ተጨማሪ ካርድ አላስመረተም። መደብሩ ደግሞ "ቀድሞ ለመጣ፣ ለአንድ ሰው አንድ" ብሎ ራሱ ደንብ አውጥቷል። ያ ደንብ ብር ለሌለው ሰው ዕድል ይሰጣል፤ በብሩ ያልቻለ በትዕግሥቱ ያገኛል። በአክስትህ ስም ስትገዛ ያፈረስከው ይህንን ነው።

ስለዚህ መልሴ ይኸውልህ። አንድ ካርድ ገዝተህ፣ ሐሳብህን ቀይረህ፣ አትርፈህ ብትሸጥ ነውር አልለውም። በሦስት ስም ገዝቶ አልጋ ሥር ማስቀመጥ ግን ነውር ነው። ቦቱ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሌሊት ቆመህ ብትገዛ ቢያንስ እንቅልፍህን ከፍለሃል። ቦቱ የሚያደርገው የሌላውን ሰው ቦታ መውሰድ ብቻ ነው፣ ያውም በሺህ እጅ።

"ሕግ አይከለክልም" ትላለህ። እውነትህን ነው። አሜሪካ በ2016 ትኬት በቦት ጠራርጎ መግዛትን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች፤ የሚመለከተው ግን የዝግጅት ትኬቶችን ነው። ያንን ወደ ሌሎች ዕቃዎች ለማስፋት በ2021 የቀረበው ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ነገር ግን የመደብሩን ደንብ "ተስማምቻለሁ" ብለህ ነክተሃል። ከዚያ በአክስትህ ስም ገባህ። አክስትህ ይህን ታውቃለች? ደብዳቤህ ላይ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፤ ሰው ሲያወራ ትርፉን እንጂ ሒሳቡን አይናገርም። የሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው። ስለዚህ አንዱ ካርድ የወጣበት 2,118.94 ዶላር ነው። በ3,200 ስትሸጠው 1,081 ዶላር ገደማ አተረፍክ። የሁለቱ 2,162 ነው። ግን ሦስተኛው አልጋህ ሥር ነው፣ ብሩም አብሮት ተኝቷል። ያንን ስትቀንስ አሁን እጅህ ላይ ያለው 43 ዶላር ነው። ታክሱም አለ። በራስህ ሠርተህ በዓመት 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ካተረፍክ ማሳወቅ ግድ ነው። የራስ ሥራ ታክሱ ወደ 15.3 በመቶ ነው፣ ከ2,162 ላይ 300 ዶላር አካባቢ ይሆናል። መደበኛው የገቢ ግብር ከዚህ ውጭ ነው። ለትምህርት ዕርዳታ የምትሞላው ፋፍሳም ገቢህን ያያል። ገቢህ ሲጨምር ግራንትህ ሊቀንስ ይችላል። (በተማሪ ቪዛ ያላችሁ አንባቢዎች ካላችሁ ደግሞ እናንተ ፈጽሞ አትሞክሩት። ያለ ፈቃድ የራስ ሥራ መሥራት ቪዛችሁን ያሳጣችኋል።)

የእናትህን 12,000 ዶላር ሳስብ በጣም ነው የምፈራልህ። በዚያ ብር የሚገዛው አምስት ካርድ ነው። ይሄ ገበያ እንዴት እንደሚገለበጥ አይቻለሁ። መስከረም 2020 አርቲኤክስ 3080 በ699 ዶላር ሲወጣ በቅጽበት አለቀ። ወዲያው ከ1,000 ዶላር በላይ እየተጠየቀበት ብቅ አለ። ኤንቪዲያ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ፣ ቦቶች የገዙትን ለመሰረዝ ትእዛዞችን በሰው እጅ እስከ መመርመር ደርሶ ነበር። በየካቲት 2021 በ329 ዶላር የወጣው 3060 ደግሞ ገና ከመውጣቱ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ኤቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ የሚያመርቱ ሰዎች ካርድ ይሻሙ ነበርና። ያኔ አኒሜሽን የምትማር አንዲት ተማሪዬ ያንን ካርድ 750 ዶላር ከፍላ ገዛችው። ለሁለት ወር ቅዳሜና እሑድ ሬስቶራንት ተጨማሪ ፈረቃ ሠርታ ነው የሞላችው። የሴሚስተሩን ፕሮጀክት ያስረከበችው ዘግይታ ነው። አትርፎ የሸጠላት ልጅ ይህን አያውቅም፤ የሚያውቅበትም መንገድ የለውም።

ከዚያስ? መስከረም 15፣ 2022 ኤቴሪየም አሠራሩን ቀየረና በግራፊክስ ካርድ ማምረት ቀረ። ያገለገሉ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት። በኅዳር አርቲኤክስ 4080 በ1,199 ዶላር ወጣ፤ ብዙዎች አየር ባየር እንሠራለን ብለው ገዙት። ካርዱ ግን መደርደሪያ ላይ ሞልቶ ቆመ። ጭማሪ የሚከፍል ብዙም አልተገኘም። እነዚያ ሰዎች ካርዱን ለመመለስ መከራቸውን አይተዋል። ለወራት በየሳምንቱ ያጠራቀመችውን የእናትህን ዕቁብ ነው እዚህ ላይ ልታስቀምጥ ያሰብከው። እባክህ ወንድሜ፣ ይህን አታድርግ።

ሬዙሜውን በተመለከተ። "የኤሌክትሮኒክስ ሽያጭ፣ የግል ሥራ" ብለህ ብትጽፍ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግልህ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቅሃል፦ "ደንበኛህ ካንተ ምን አገኘ?" እኔ ይህን ጥያቄ ለልምምድ ለብዙ ልጆች አቅርቤያለሁ። ኮምፒውተር የሚገጣጥም ልጅ ያወራል፣ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። ስልክ የሚጠግነውም እንደዚያው። አየር ባየር የሠራ ልጅ ግን ዝም ይላል ወይም ስለ ትርፉ ያወራል። ከዚያ "ለአንድ ሰው አንድ ተብሎ የለም እንዴ?" የሚል ከመጣ፣ ያውም ጠያቂው ራሱ ጌመር ከሆነ፣ ቃለ መጠይቁ እዚያው ያበቃል።

ግን ደብዳቤህ ውስጥ አንተ ቁም ነገር ያላደረግከው፣ እኔ ግን ብድግ ያልኩበት ነገር አለ። ኮዱን ማለቴ ነው። የመደብር ገጽ እየተከታተለ ዕቃ ሲገባ የሚያውቅ ፕሮግራም ብቻህን ጽፈሃል። ያ ሙያ ነው! የመግዛቱን ክፍል ቁረጠው። ማሳወቁን ብቻ አስቀረው። መደብሩ የሚፈቅደውን አንብብ፣ ገጹን በየሰከንዱ አታጨናንቀው። ከዚያ "ዕቃው ገብቷል፣ ዋጋው ይኸው" ብሎ በአማርኛ የሚያሳውቅ የቴሌግራም ቻናል አድርገው። እዚያው አካባቢህ ስንት የሀበሻ ልጅ ካርድ ፈልጎ ከአጭበርባሪ ጋር ይደራደራል። እነሱን መደብሩ በር ድረስ ታደርሳቸዋለህ። ሬዙሜ ላይ የሚጻፈው ይሄ ነው፦ ምን ሠራህ፣ ስንት ሰው ተጠቀመበት፣ ሲበላሽ እንዴት አስተካከልከው። ደግሞ ቦትን የሚያውቅ ሰው ቦትን ለመከላከል ይፈለጋል። ኦንላይን መደብሮችና ባንኮች ለዚህ ሥራ ሰው ይቀጥራሉ። አንተ ግማሹን መንገድ ሄደሃል፣ የቆምከው በሌላው በኩል ስለሆነ ነው እንጂ።

ብር ያስፈልገኛል ካልክም ይገባኛል፤ ኪራይ አለ፣ መጽሐፍ አለ። ያገለገለ ካርድ ገዝተህ አጽዳ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱን ቀይር፣ ማራገቢያውን አስተካክል፣ ሌሊቱን ሙሉ ፈትነው። ከዚያ "ለ30 ቀን ከተበላሸ ብርህን እመልሳለሁ" ብለህ ሽጥ። በዚህ ብታተርፍ ማንም አይንህን አይቶ አይጠይቅህም። የባልቲሞሩ ልጅ ለጠየቀህም መልስ ይኖርሃል። ጎን ለጎን ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ የሚባለውን የአይቲ የምስክር ወረቀት አስብበት። ሁለት ፈተና ነው፤ የመጀመሪያ የአይቲ ሥራ ለማግኘት ይረዳል።

ለዚህ ሳምንት የምልህ ይሄን ነው። አልጋህ ሥር ያለው ካርድ በማን ስም እንደተገዛ ደረሰኙን እይ። የመመለሻው ቀን ካላለፈ መልሰው። ካለፈ በወጣበት ዋጋ፣ በ2,118.94 ዶላር፣ ለሚጠቀምበት ሰው ስጠው፤ ደረሰኙንም አብረህ ስጠው። ለባልቲሞሩ ልጅ መልእክት ላክለት። የደረሰኙን ቅጂ እንደምትሰጠው፣ ካርዱ ቢበላሽ ዋስትናውን ራስህ እንደምታስጨርስለት ንገረው። አክስትህን ደውልላትና በስሟ ምን እንደገዛህ ንገራት። ትቆጣሃለች፣ ትቆጣህ። ለእናትህም ዕቁቡን እንድታስቀምጠው ንገራት፤ ምክንያቱንም አትደብቃት።

ኮዱን ደግሞ ላክልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። በስልክ እንገናኝና ሬዙሜህ ላይ የሚገባውን መስመር አብረን እንጽፋለን።