የሕግ ምክር፦ የሰፈራችን የውሃ ማጠራቀሚያ በፓርላማ አባል ስም ተሰየመ፤ ምን ማድረግ እንችላለን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ከሰፈራችን በላይ፣ በጦሳ ተራራ በኩል፣ የሕዝብ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። እኛ «ላይኛው ታንከር» ነው የምንለው። ሲሠራ በቅሬያችን (በዕድራችን) በኩል ገንዘብ አዋጥተናል፤ የቧንቧውን ቦይም በጉልበታችን ቆፍረናል። በቅርቡ ሰዎች መጥተው በሩ ላይ አዲስ ታፔላ ሰቀሉ። የተጻፈው የአንድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ስም ነው። ሰውየው አሁንም ወንበራቸው ላይ ናቸው። ማንም አላማከረንም። ስንጠይቅ «ከላይ የመጣ ነው» ተባልን። ይህ ሕጋዊ ነው? መክሰስስ እንችላለን? አንዳንድ ወጣቶች «ታፔላውን እናውርደው» እያሉ ነው። — የደሴ ነዋሪ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ አይቆይምና። ወጣቶቹን ዛሬውኑ ያነጋግሯቸው። ታፔላው የተሰቀለው ያለ አግባብ ቢሆን እንኳ የሰው ንብረት ነው። ያንን መንቀል ወይም ቀለም መቀባት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 689 በንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ ተብሎ ሊያስከስስ ይችላል። ያኔ ጥያቄያችሁ ተረስቶ ልጆቹ በየጣቢያው ሊመላለሱ ነው። ፌስቡክ ላይ የምትጽፉትም እንደዚሁ ነው። «አላማከሩንም» ማለት መብታችሁ ነው። ማስረጃ ሳይኖር «ገንዘብ በልተው ነው» ማለት ግን ስም ማጥፋት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማጠራቀሚያው የማነው? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1444 ጀምሮ ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ ንብረትን ለይቶ ይደነግጋል። ለአንድ የሕዝብ አገልግሎት ተብሎ የተሠራና ለዚያው የሚውል ንብረት እንደ ተራ ንብረት አይሸጥም፤ አይለወጥም። በይርጋም፣ ማለትም ረጅም ጊዜ ይዞ በመቆየት፣ ማንም የራሱ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ አንድ ነገር እርግጠኛ ይሁኑ። ስሙ ቢቀየርም ማጠራቀሚያው የሰውየው አልሆነም። ውሃው ወደ የት ሰፈር በስንት ሰዓት ፈረቃ ይለቀቅ የሚለው ላይ በታፔላው ምክንያት የሚያገኙት ሥልጣን የለም። ይህን የምለው በሥራዬ ስላየሁት ነው። ስም ከተለጠፈ በኋላ የጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀር «ባለቤቱን ጠይቁ» ማለት ይጀምራል።

«ከላይ የመጣ ነው» የሚለው መልስ ላይ ልቆይ። ይህችን ቃል ቢሮ ለቢሮ የዞረ ሁሉ ያውቃታል። ሕጉ ግን «ከላይ» የሚባል ወሳኝ አካል አያውቅም። የፓርላማ አባል ሕግ ያወጣል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። የከተማው የውሃ አገልግሎት አለቃ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። የከተማውን ንብረት የሚያስተዳድረው ከተማው ነው። ከተማው ደግሞ የተመረጠ ምክር ቤት፣ አፈ ጉባኤና ከንቲባ አለው። ስያሜ በስልክ ትእዛዝ አይሰጥም። የወሰነ አካል ካለ ቃለ ጉባኤ አለ። በቃለ ጉባኤው ላይ ቀን፣ የተገኙት አባላት ስም፣ ሐሳቡን ያቀረበው ሰውና የድምፁ ውጤት ይኖራል። እንደኔ የእርስዎ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ያለው እዚያች ወረቀት ላይ ነው።

ወረቀቷን የማየት መብት አላችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የማግኘትን መብት በዝርዝር ያስቀምጣል። አዋጁ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም፤ የክልልና የከተማ አካላትንም ይይዛል። መረጃ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አልሰጥም ካለ ምክንያቱን ይናገራል። እምቢታው ካልተዋጠላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ቅሬታ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት አለ።

በሕይወት ያለን፣ ያውም ሥልጣን ላይ ያለን ሰው በስሙ ማክበር ክልክል ነው ወይ? ሕገ መንግሥቱም ሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አይከለክሉም። በሰው ስም መሰየም ለደሴም አዲስ ነገር አይደለም። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ነው። መንግሥት ተቀያይሮ ስማቸው ዛሬም ይጠራል። በሌላ በኩል «ቧንቧ ውሃ» የሚባለውን ሰፈር ያስቡት። ስሙ የነዋሪው አፍ ላይ ነው ያደገው።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ተመልከቱ። ምርጫ የቀረበ እንደሆነና ሰውየው ዳግም የሚወዳደሩ ከሆነ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 የመንግሥት ሀብት ለምረጡኝ ቅስቀሳ እንዳይውል ይከለክላል። ቀን ከሌሊት ሕዝብ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፍበት በር ላይ የዕጩ ስም በትልቁ መጻፍ ቅስቀሳ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ጥሩ ክርክርም ነው። ይህ ከሆነ አቤቱታው ለምርጫ ቦርድም ይቀርባል።

የሌላ አገር ልምድ ልጥቀስ፣ ስለሚመሳሰል። በአሜሪካ በጆርጂያና በሳውዝ ካሮላይና ድንበር፣ በሳቫና ወንዝ ላይ፣ ክላርክስ ሂል የሚባል ትልቅ የግድብ ሐይቅ ነበር። በእነሱ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ኮንግረሱ ስሙን ቀይሮ በሴናተር ስትሮም ተርመንድ ሰየመው። ሴናተሩ ያኔ በሕይወትም በወንበራቸውም ላይ ነበሩ። ውሳኔው በሕግ ነው የወጣው፤ ቅርጹ አልጎደለም። ሆኖም በጆርጂያ በኩል ያሉ ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ ክላርክስ ሂል ነው የሚሉት። እዚያው አገር የጂኦግራፊ ስሞችን የሚያጸድቀው ቦርድ ለተራራና ለወንዝ የሰው ስም እንዲሰጥ ሲጠየቅ፣ ሰውየው ከሞተ ቢያንስ አምስት ዓመት መሙላት አለበት ይላል። እኔ ይህን ደንብ እወደዋለሁ። የደሴ ምክር ቤትም ተመሳሳይ የስያሜ ደንብ ቢኖረው እናንተም ሆናችሁ ተወካዩ ከዚህ ጭቅጭቅ ትድኑ ነበር። በአቤቱታችሁ ላይ ይህንንም ጠይቁ።

ያዋጣችሁትስ? ይህን ስጽፍ ትንሽ ያሳዝነኛል፤ እውነቱን ግን ልንገርዎት። መዋጮና የጉልበት ሥራ ለሕዝብ አገልግሎት የተሰጠ ስጦታ ነው። ባለቤትነት አይሰጣችሁም። ነገር ግን ስጦታ ግዴታ ተጨምሮበት ሊሰጥ ይችላል። ስታዋጡ «ማጠራቀሚያው በሰፈሩ ስም ይጠራል» ተብሎ ከውሃ አገልግሎቱ ጋር የተፈራረማችሁት ነገር ካለ፣ ጠንካራ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የቅሬውን ዳኛና ጸሐፊ ጠይቁ። የቆየው መዝገብ ይገለጥ። የመዋጮው ዝርዝር፣ ደረሰኙ፣ ቦይ የተቆፈረበት ቀን፣ የተገኘ ፎቶ ሁሉ ይሰብሰብ። ውል ባይገኝ እንኳ፣ ይህ ሰነድ ምክር ቤቱ ፊት ስትቀርቡ ክብደት ይሰጣችኋል።

ወደ ክስ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባን ጉዳይ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ይሰጣል። እዚህ ላይ ግን መሰናክል አለ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33(2) ከሳሽ በጉዳዩ ላይ ጥቅም ወይም መብት ያለው መሆኑን እንዲያሳይ ይጠይቃል። «ስሙ ተቀየረ» ሲሉ ዳኛው «የእርስዎ የትኛው መብት ተነካ?» ብሎ ይጠይቃል። ውሃው ካልተቋረጠ፣ ታሪፉ ካልተለወጠ፣ መልሱ ቀላል አይሆንም። ታንከሩ ቢበከል ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ሳይል እንዲከስ ይፈቅዳል። ለስያሜ ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። አንዳንዶች የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012ን ይጠቅሱላችሁ ይሆናል። እሱ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው። ደሴ ላይ አይሠራም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ያለው የመመካከር መብትም ፖሊሲንና ፕሮጀክትን የሚመለከት ነው፤ ለስያሜ ቢጠቀስም ብቻውን አያስረታም።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ለዳኝነት አታውጡ። ቢያንስ ገና አሁን። አዋጪው መንገድ የከተማው ምክር ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ያረጋግጣል። ሁለት የተለያዩ ደብዳቤዎች ጻፉ፤ በአንድ ላይ አትቀላቅሏቸው። አንደኛው ለውሃ አገልግሎቱ ይሁን፤ አጭር የመረጃ ጥያቄ። እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«በሰፈራችን የሚገኘው የውሃ ማጠራቀሚያ ስም የተቀየረበትን ውሳኔ ቃለ ጉባኤ፣ ውሳኔው የተመሠረተበትን ሕግ ወይም መመሪያ፣ እንዲሁም ለታፔላው የወጣውን ወጪና የተከፈለበትን በጀት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ቅጂው እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

ሌላ ቃል አትጨምሩ። ስለ ሰውየው ጠባይ አታንሱ። ሁለተኛው ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ይሁን። በእሱ ላይ ነዋሪው ሳይመከርበት የተሰጠው ስም እንደገና እንዲታይ፣ ለወደፊቱም የስያሜ ደንብ እንዲወጣ ጠይቁ። ነዋሪዎች ስማቸውንና የቤት ቁጥራቸውን ጽፈው ይፈርሙ፤ እናቶችም ይፈርሙ፣ ለውሃው የሚሰለፉት እነሱ ናቸውና። ለተወካዩም ግልባጭ ይድረሳቸው። ምናልባት ታፔላው እንደተሰቀለ እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ደስ ሊያሰኛቸው የፈለገ ሰው ያደረገው ይሆናል። እንዲያ ከሆነ «ስሜን አውርዱልኝ» የሚል የእሳቸው አንድ ደብዳቤ ነገሩን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ደብዳቤዎቹን በሁለት ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። መዝገብ ቤት ስትሰጡ የራሳችሁ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጉ። «አስቀምጠው ሂድ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያች ማኅተም ነው። 31ኛው ቀን ላይ መልስ ካልመጣ ያችን ቅጂ ይዘው እንደገና ይጻፉልኝ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ የሚቀርበውን ቅሬታ አብረን እናዘጋጃለን።