መልስ፦ ጥቁር መንቁር ያለው የሐረር ጭልፊት

ሰላም ወዳጄ። ኅዳር ላይ ጊዲር መጋላ ሥጋ ተራ ያየኸው መንቁረ ጥቁር ጭልፊት ብርቅ ወፍ ነው ወይ ብለሃል። የሩቅ አገር እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቶሎ አትደሰት።

ዓመቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ሥጋ የሚመነትፉት የኛዎቹ መንቁራቸው ሙሉ ቢጫ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽቶ የሚመጣው ዘመዳቸው ግን መንቁሩ ጥቁር ነው፤ ቢጫው አፍንጫው አካባቢ ብቻ ነው። ጭንቅላቱም ገርጣ ይላል። ችግሩ የኛዎቹም ገና ወጣት ሳሉ መንቁራቸው ጥቁር መሆኑ ነው። እኔም አንዴ በዚሁ ተሸውጃለሁ! ደረቱ ላይ ነጣ ያሉ ሰረዞች ካሉበት ወጣት ነውና በመንቁሩ ብቻ አትፍረድ።

ከነሱ በጣም ገዘፍ ያለ፣ ቡናማ ወፍ ካየህ ደግሞ አፉን እይ። ቢጫው የአፉ ጥግ እስከ ዓይኑ መጨረሻ ከዘለቀ የስቴፕ ንስር ነው። እሱም የብርድ ወራት እንግዳ ነው። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ስለሆነ፣ ለኔ ብርቁ እሱ ነው።

ወደ ድሬ ስትወርድ ሐረማያ ሐይቅ ጋ ቆም በል። ደርቆ ነበር፤ አሁን ውኃው ተመልሷል፣ ወፎቹም እንዲሁ።

ፎቶ ካለህ ለጥፈው፣ መንቁሩ ከጎን የሚታይበትን።